ሰውና ወር አይለዋወጡም፤ የሶፍትዌር ሥራን ለሚመሩና ለሚያሠሩ የሚጠቅም የሥራ አመራር ትምህርት

የንግድ ሥራ ከጥንት ጀምሮ በዐይን በሚታይና በእጅ በሚዳሰስ ነገር ላይ የተመሠረተ ነው። ነጋዴ ቡናውን በጆንያ ቈጥሮ፥ ጨርቁን በሜትር ለክቶ፥ ብረቱን በሚዛን መዝኖ ይረከባል፤ ጕድለት ቢገኝም ወዲያው ይታወቃል። በዘመናችን ግን የንግዱ ሥራ ለአብዛኛው በማይታይና በማይዳሰስ ነገር ላይ ተደግፎ ይገኛል፤ ይኸውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ወይም ሶፍትዌር የሚባለው ነው። የመጋዘን ሒሳብ፥ የባንክ ክፍያ፥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። በአገራችንም ከ2012 ዓ. ም. ወዲህ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሥራውን ስለ ጀመረ፥ አስመጪና ላኪ የፈቃድ ጥያቄውን በዚሁ መንገድ ማቅረብን ለምዷል።

ከዚህም የተነሣ ብዙ የንግድ ቤቶች ሶፍትዌር ማዘዝና ማሠራት፥ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቀጥረው ማስተዳደር ጀምረዋል። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥማቸዋል። በስድስት ወር ያልቃል የተባለው ሥራ ዓመት ይፈጃል፤ እንዲፈጥን ሰው ሲጨመርበት ይብሱን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወጪው ከታሰበው በላይ ይሆናል፤ ባለ ገንዘቡና ባለሙያው እርስ በርሳቸው መተማመናቸውን ያጣሉ። ይህ ሁሉ ከሠራተኞች ስንፍና ወይም ከሥራ ተቋራጩ ተንኰል የመጣ ይመስላል። የሆነ ሆኖ ነገሩ በጥሞና ሲመረመር፥ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የአመራር ስሕተት ሁኖ ይገኛል። ይህንንም ለማስረዳት በዓለም ላይ ከተሠሩት ትልልቅ የሶፍትዌር ሥራዎች የአንዱን ታሪክ መመልከት ይበቃል። (በውጭ አገር ስለ ተፈጸሙት ነገሮች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የአንድ ትልቅ ሥራ ታሪክ

አይ. ቢ. ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም 360 የሚባሉትን የኮምፒዩተር መኪናዎች ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ በፊት አንድ ደንበኛ ትንሹን መኪና ትቶ ትልቁን ሲገዛ፥ ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንደ ገና ማስጻፍ ግድ ይሆንበት ነበር። አዲሶቹ መኪናዎች ግን ከትንሹ እስከ ትልቁ አንድ ቤተ ሰብ ሁነው፥ ለአንዱ የተጻፈው ፕሮግራም ለሌላውም እንዲያገለግል ተብለው የተነደፉ ነበሩ። ኩባንያው በዚያን ጊዜ በቶማስ ዋትሰን ታናሹ ይመራ ነበር፤ ለዚህም ሥራ 5 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳወጣ ይነገራል። ሥራው ባይሳካ ኖሮ የኩባንያው ሕይወት ራሱ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር።

ይህን ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ የተባለ በ1931 የተወለደ ሰው ነው። በመጀመሪያ የመኪናዎቹን ሥራ፥ ቀጥሎም መኪናዎቹን የሚያዝዘውን ኦ. ኤስ. 360 የተባለውን ትልቅ ፕሮግራም እንዲመራ ተሾመ። የመኪናዎቹ ሥራ ከባድ ቢሆንም ተሳካ። የፕሮግራሙ ሥራ ግን ከታሰበው ሁሉ የባሰ ሆነ። ሥራው በበረታበት ወራት ከአንድ ሺሕ በላይ ሰዎች ተሰማርተውበት ነበር፤ ከ1963 እስከ 1966 ድረስም ወደ 5000 የሚጠጋ የሰው ዓመት ሳይፈስበት አልቀረም። እንዲህም ሁኖ ዘገየ፤ ወጪው ከግምቱ ብዙ እጥፍ ሆነ፤ ከታሰበውም በላይ የመኪናውን የማስታወሻ ቦታ ያዘ፤ ደጋግሞ ታርሞ እስኪወጣ ድረስም በሚገባ አልሠራም።

ብሩክስ ከኩባንያው ወጥቶ በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍልን ሊያቋቁም በሄደ ጊዜ፥ ዋትሰን የፕሮግራም ሥራን ማስተዳደር ስለ ምን እንደዚህ እንደሚያስቸግር ጠይቆት ነበር። ብሩክስም መልሱን በ1975 በመጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የመጽሐፉም ስም «ዘ ሚቲካል ማን መንዝ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «ተረት የሆነው የሰው ወር» ማለት ነው። ደራሲው በ1999 በኮምፒዩተር ሙያ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ፤ በ2022ም በ91 ዓመቱ ዐረፈ። ችግሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ እንዳልነበረ የሚያስረዳው፥ በ1968 በምዕራብ ጀርመን በጋርሚሽ ከተማ በሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ድጋፍ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ስለዚሁ የሶፍትዌር መዘግየትና ጕድለት በሰፊው መነጋገራቸው ነው።

1ኛ ትምህርት፤ ሰውና ወር የማይለዋወጡ መሆናቸው

ያገራችን ሰው፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። ቃሉ እውነት ነው፤ እውነትነቱ ግን ሎሚው የሚከፋፈል በመሆኑ ነው። 300 ጆንያ ቡና ከመጋዘን አውጥቶ ለመጫን ለአሥር ሰዎች አራት ሰዓት ቢፈጅባቸው፥ ለሃያ ሰዎች ሁለት ሰዓት ይበቃቸዋል፤ አንዱ ጫኝ ከሌላው ጋራ ብዙ መመካከር አያስፈልገውምና። ጠጅ ግን የሚደርሰው በቀኑ ነው፤ የሚጥሉት እጆች ዐሥር ቢሆኑ የመፍያውን ጊዜ አያሳጥሩትም። የሶፍትዌር ሥራ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ከፊሉ ይከፋፈላል፤ ከፊሉ አይከፋፈልም፤ የሚከፋፈለውም ቢሆን ሠራተኞቹ ዘወትር እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ያስገድዳል።

የዚህ መነጋገር ዋጋ በሒሳብ ይታወቃል። የሰዎቹ ቍጥር በአንድ በሚያንሰው ቍጥር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል፥ በመካከላቸው የሚኖረውን የግንኙነት መንገድ ብዛት ይሰጣል። ሦስት ሰዎች 3፥ አምስት ሰዎች 10፥ ዐሥር ሰዎች 45፥ ሃምሳ ሰዎች 1225 የግንኙነት መንገድ አላቸው። ሰው በእጥፍ ሲያድግ መነጋገሩ በአራት እጥፍ ገደማ ያድጋል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ አስመጪ የመጋዘን ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም በአራት ሰዎች በስድስት ወር እንዲሠራለት አዘዘ እንበል። ይህ 24 የሰው ወር ይሆናል። ሦስት ወር ሲያልፍ የተሠራው ሥራ በሁለት ወር ሊያልቅ ታስቦ የነበረው ብቻ ሁኖ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ፥ «የቀረው 16 የሰው ወር ነው፤ ጊዜው ሦስት ወር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ጨምረን ስድስት ብናደርጋቸው ይደርሳል» ብሎ ያስባል። ነገር ግን አዲሶቹ ሁለት ሰዎች ሥራውን እስኪያውቁ አንድ ወር ያስፈልጋቸዋል፤ ከነባሮቹም አንዱ ሥራውን ትቶ ሲያስተምራቸው ይከርማል። በዚያ ወር የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ 13 የሰው ወር ይቀራል፤ ስድስት ሰዎች በሁለት ወር ግን ቢበዛ 12 ይሠራሉ። እንግዴህ ሥራው እንደ ገና ሲከፋፈል የሚጠፋው ጊዜና ከ6 ወደ 15 ያደገው የግንኙነት መንገድ ሳይቈጠር እንኳ ሒሳቡ ጐደለ። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ግምት ሁሉ በዚያው ልክ የተሳሳተ እንደሆነ፥ ጠቅላላው ሥራ 24 ሳይሆን 36 የሰው ወር ነው ማለት ነው፤ የቀረውም 16 ሳይሆን 24 ነው።

ብሩክስ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ፍርድ፥ አንዴ ለዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ሰው መጨመር መድኃኒት ሳይሆን በሽታውን የሚያባብስ ነው የሚል ነው። ይህ ፍርድ ነገሩን ከመጠን በላይ እንደሚያቃልለው እርሱ ራሱ ገልጿል፤ በጊዜ የተጨመረና ተለይቶ ሊያዝ የሚችል ሥራ የተሰጠው ሰው ሊጠቅም ይችላልና። ሥራው ከዘገየ በኋላ ግን አስተዋይ ሥራ አስኪያጅ የሚመርጠው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይም በቂ ጊዜ ያለበትን አዲስ ቀን አንድ ጊዜ ቈርጦ ለደንበኛው በግልጽ ማስታወቅ፥ ወይም ከሥራው ውስጥ ለጊዜው ሊቀር የሚችለውን ከደንበኛው ጋራ ተማክሮ መቀነስ።

2ኛ ትምህርት፤ ዐሳቡ ከጥቂቶች ልብ መመንጨት እንደሚገባው

በኦ. ኤስ. 360 ሥራ ውስጥ አንድ ውሳኔ ለሥራ አስኪያጆች ሁሉ ትልቅ ትምህርት ሁኖ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳው ዝርዝር መግለጫ መጻፍ ነበረበት። የንድፉ ክፍል ሹም ዐሥር ጐበዞች ነበሩት። እነዚህ ሰዎች መግለጫውን በሚገባ ሊጽፉት እንደሚችሉ፥ ነገር ግን ዐሥር ወር፥ ማለት ከተወሰነው ጊዜ ሦስት ወር አብልጦ እንደሚፈጅ አስታወቀ። የዋናው መቈጣጠሪያ ፕሮግራም ክፍል ሹም በበኩሉ 150 ሰዎች ነበሩት። እርሱም ሰዎቹ በተወሰነው ጊዜ ሊያደርሱት እንደሚችሉ፥ ሥራው ለነዳፊዎቹ ከተሰጠ ግን 150 ሰዎች ዐሥር ወር ሙሉ እጃቸውን አጣጥፈው እንደሚቀመጡ ተናገረ። የንድፉ ሹም ለዚህ ሲመልስ፥ ሥራው ለብዙዎቹ ቢሰጥም ያው ሦስት ወር መዘግየቱ እንደማይቀር፥ ጥራቱም ዝቅ እንደሚል አስጠነቀቀ።

ብሩክስ ሥራውን ለ150ዎቹ ሰጠ። የንድፉ ሹምም በሁለቱም ነገር ትክክለኛ ሁኖ ተገኘ፤ ሥራው ሦስት ወር ዘገየ፥ ጥራቱም ጐደለ። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ የአንድ ዐሳብ ውጤት ባለመሆኑ፥ ስሕተቱን ለማረም አንድ ተጨማሪ ዓመት ሳይፈጅ እንዳልቀረ ብሩክስ ገምቷል።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፥ የ150ዎቹ ሹም ያቀረበው ምክንያት በንግድ ሰው ጆሮ በጣም የሚጥም መሆኑን ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ማየት ማንንም ያናድዳል። ነገር ግን ሥራ ያልፈታ ሰው ሁሉ ሥራ እየሠራ ነው ማለት አይደለም። ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኞቹ እንዳይቦዝኑ ብሎ ፕላኑን ለግንበኞቹ ሁሉ እያካፈለ አያስነድፍም፤ እንዲህ ቢያደርግ አንዱ ክፍል በር ሳይኖረው፥ ሌላው ሁለት ደረጃ ኑሮት ይገኛል። በሶፍትዌርም ሥራ ብዙ ሰው ሊጽፍ ይችላል፤ ምን እንደሚጻፍ የሚወስኑት ግን አንድ ወይም ጥቂት ሰዎች መሆን አለባቸው።

3ኛ ትምህርት፤ ጊዜን በትክክል ስለ ማከፋፈል

ብዙ ሥራ አስኪያጆች የሶፍትዌር ሥራ ማለት ፕሮግራሙን መጻፍ ብቻ ይመስላቸዋል። ብሩክስ ከልምዱ ተነሥቶ የሰጠው ክፍያ ግን ሌላ ነው። ከጠቅላላው ጊዜ ሲሶው ለዕቅድ፥ ስድስተኛው እጅ ለጽሕፈቱ፥ ሩቡ ክፍሎቹን ለየብቻ ለመፈተን፥ የቀረው ሩብ ደግሞ ክፍሎቹ ሁሉ ተገጣጥመው ሲሠሩ ለመፈተን ይሁን ይላል። በዐሥራ ሁለት ወር ሥራ ሲታሰብ፥ አራት ወር ለዕቅድ፥ ሁለት ወር ለጽሕፈት፥ ስድስት ወር ለፈተና ማለት ነው።

ይህን የሰማ ነጋዴ ለፈተናው የተመደበው ጊዜ በዝቶ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን የፈተናው ጊዜ ሲጐድል የሚደርሰው ጕዳት ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም መዘግየቱ የሚታወቀው በመጨረሻው ሰዓት፥ ደንበኛው ዕቃውን ሊረከብ፥ አሮጌው መዝገብ ሊዘጋ፥ ሠራተኞቹም በአዲሱ አሠራር ሊጀምሩ በተዘጋጁበት ወቅት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው እዚህ ላይ ይፈጸማል።

4ኛ ትምህርት፤ መዘግየት ቀን በቀን እንደሚገባ

ሥራ አንድ ዓመት ሲዘገይ ምክንያቱ አንድ ትልቅ አደጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከትንንሽ ነገሮች የተጠራቀመ ነው። ዛሬ አንዱ ባለሙያ ይታመማል፤ ነገ መብራት ይጠፋል፤ በሳምንቱ ደንበኛው አዲስ ጥያቄ ያመጣል፤ ከዚያም አንድ ስብሰባ ሳይደረግ ይቀራል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ነው፤ ሲደመር ግን ወራት ይሆናል።

የዚህ መከላከያው ሥራው የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳዩ ቍርጥ ያሉ ምልክቶች ማቆም ነው። «ጽሕፈቱ ዘጠና ከመቶ አልቋል» የሚል ሪፖርት ምልክት አይደለም። ብሩክስ እንዳስተዋለው፥ ፕሮግራም ከጽሕፈቱ ዘመን እኩሌታውን ዘጠና ከመቶ እንዳለቀ ሲነገርለት ይኖራል። ቍርጥ ያለ ምልክት የሚባለው አዎን ወይም አይደለም ተብሎ ብቻ የሚመለስ ነው፤ ለምሳሌ ዝርዝር መግለጫው በነዳፊዎቹ ተፈርሟል ወይስ አልተፈረመም? ይህ ክፍል የተዘጋጁለትን ፈተናዎች ሁሉ አልፏል ወይስ አላለፈም? ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለው ሥራ አስኪያጅ ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያርማል፤ የሌለው ግን ራሱንም ደንበኛውንም ያታልላል።

5ኛ ትምህርት፤ ክፉ ወሬ የሚደርሰው አለቃ

ምልክቱ ቢኖርም፥ እውነተኛው ወሬ ለአለቃው ካልደረሰ ጥቅም የለውም። የአንድ ክፍል ሹም ሥራው በሦስት ቀን መዘግየቱን ባወቀ ጊዜ ሁለት ዐሳብ ይይዘዋል። ለአለቃው ቢናገር አለቃው ይቈጣል፥ ሥራውን ከእጁ ይነጥቃል፥ ወይም በየሰዓቱ እየመጣ ይጨቀጭቀዋል፤ ቢደብቅ ግን ምናልባት በሚመጣው ሳምንት ያካክሰው ይሆናል። እንዲህ ያለ አለቃ ያለበት ቤት ሁሉም ሹም ይደብቃል፤ የተደበቀው ሁሉ አንድ ቀን በአንድነት ይገለጣል።

ስለዚህ ብሩክስ የሚመክረው፥ አለቃ ሹሙ ራሱ ሊያቃናው በሚችለው ነገር ገብቶ እጁን እንዳይሰነዝር ነው። የሥራውን ደረጃ ለማወቅ የሚደረገው ስብሰባ አንድ ነገር ነው፤ ችግር ለመፍታትና ውሳኔ ለመስጠት የሚደረገው ሌላ ነገር ነው። በፊተኛው ስብሰባ አለቃው ያዳምጣል፥ ይመዘግባል፥ ያመሰግናል እንጂ አይፈርድም። ሹሙ የተናገረው እውነት በእርሱ ላይ በትር እንደማይሆን ሲያውቅ፥ ሪፖርቱ ከተረትነት ወጥቶ እውነተኛ ሒሳብ ይሆናል። በንግድ ቤት የጐደለውን ገንዘብ በዕለቱ የሚያስታውቅ ገንዘብ ያዥ፥ በዓመቱ መጨረሻ ከሚታወቅበት ገንዘብ ያዥ የበለጠ እንደሚወደድ ሁሉ፥ መዘግየቱን በዕለቱ የሚናገር ባለሙያም ሊከበር ይገባል።

6ኛ ትምህርት፤ ባለሙያን በባለሙያነቱ ማክበር

በብዙ ድርጅቶች አንድ ጐበዝ ባለሙያ ደመወዙና ክብሩ የሚያድገው ሹም ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ድርጅቱ አንድ ጐበዝ ፕሮግራም ጸሐፊ አጥቶ በፈንታው ልምድ የሌለው ሹም ያገኛል። ብሩክስ ስለዚህ ሁለት መሰላሎች እንዲቆሙ ይመክራል፤ አንዱ የሹመት፥ አንዱ የሙያ። በእኩል ደረጃ ላይ ያሉት የሁለቱ መሰላል ሰዎች ደመወዛቸውም፥ ቢሯቸውም፥ ክብራቸውም እኩል ይሁን፤ ከሙያ ወደ ሹመት መዛወርም እድገት ተብሎ እንዳይጠራና ጭማሪ ደመወዝ እንዳይታሰብበት ይላል።

እንደዚሁም ሃርላን ሚልስ የተባለው የአይ. ቢ. ኤም. ባለሙያ ያቀረበውን ዐሳብ ብሩክስ አስፋፍቶ ጽፎታል። ይኸውም አንድ የፕሮግራም ቡድን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ቡድን ይሁን የሚል ነው። ቢላዋውን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ሌሎቹ መሣሪያ ያቀርባሉ፥ መዝገብ ይይዛሉ፥ ፈተና ያዘጋጃሉ፥ ሁለተኛው ሐኪምም አጠገቡ ሁኖ ይመክራል፥ ዋናው ቢታጣም ይተካዋል። ሁሉም ቢላዋ ይዞ በአንድ በሽተኛ ላይ ቢሰማራ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

7ኛ ትምህርት፤ የርክክብ ጥንቃቄ

ሥራው ካለቀ በኋላም አደጋ አለ። ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ንግድ ቤት ኦገስት 1 ቀን 2012 ያገኘውን መከራ መጥቀስ ይበቃል። ድርጅቱ አዲስ ፕሮግራም በስምንት ሰርቨሮች ላይ ለመጫን ባለሙያ አዘዘ፤ ባለሙያው ግን በሰባቱ ላይ ጭኖ ስምንተኛውን ረሳው። በስምንተኛው ላይ ከ2003 ጀምሮ ሥራ ያቆመ አሮጌ ፕሮግራም ተኝቶ ነበር፤ አዲሱ ትእዛዝ ሲመጣ ያ አሮጌው ነቅቶ ያለ ልክ አክሲዮን ይገዛና ይሸጥ ጀመር። በ45 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነገሩን መርምሮ ያገኘው ለሥራ አስኪያጆች የሚያሳፍር ነው። የመጫኑን ሥራ ሁለተኛ ሰው እንዲያየው የሚያዝ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ገበያው ከመከፈቱ በፊት መኪናው ራሱ ስሕተት መኖሩን የሚያመለክቱ 97 የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎች ለሠራተኞች ልኮ ነበር፤ እነዚህ ግን እንደ ማስጠንቀቂያ የሚታዩ ስላልነበሩ ማንም ትኵረት አልሰጣቸውም። ችግሩ ከደረሰም በኋላ ሠራተኞቹ በድንጋጤ አዲሱን ፕሮግራም ከሰባቱ ደኅና ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ በዚህም ጥፋቱን አበዙት። ድርጅቱ በባለ ገንዘቦች የ400 ሚሊዮን ዶላር ርዳታ ለጊዜው ተረፈ፤ በ2013 ግን ከሌላ ድርጅት ጋራ ተዋሐደ። በዚያው ዓመት 12 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተፈረደበት።

የረሳው አንድ ባለሙያ ነው፤ በደሉ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ሰው መርሳቱ የታወቀ ነው። ማንኛውም የንግድ ቤት ትልቅ ቼክ በሁለት ፊርማ እንዲወጣ የሚያዘው ይህንኑ በማወቅ ነው። የድርጅቱን ገንዘብ ሁሉ ሊያንቀሳቅስ የሚችል ፕሮግራም በአንድ ሰው እጅ ብቻ ገብቶ እንዲሠራ መፍቀድ፥ ባዶ ቼክ ፈርሞ እንደ መስጠት ነው።

8ኛ ትምህርት፤ ሥራን በትንንሹ መረከብና ስሕተትን ማመን

ብሩክስ በ1975 በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ እያንዳንዱ ፕሮግራም ጸሐፊ የሥራውን ዝርዝር ሁሉ እንዲያይ ይደግፍ ነበር። ዴቪድ ፓርናስ የተባለው ሊቅ ግን እያንዳንዱ ክፍል ውስጡ ተሰውሮ፥ ሌሎቹ የሚያውቁት የሚገናኙበትን በር ብቻ ቢሆን ይሻላል ብሎ አስተምሯል። ብሩክስ በ1995 መጽሐፉን እንደ ገና ሲያሳትም፥ በዚህ ነገር ፓርናስ ትክክል እንደ ነበረና እርሱ እንደ ተሳሳተ በግልጽ ጻፈ። ለአንድ ታላቅ ሊቅ ይህ ክብሩን አልቀነሰበትም። ትምህርቱም ለንግድ ቤት ይሠራል፤ የመጋዘን ክፍል የሒሳብ ክፍሉን መዝገብ ሁሉ ማወቅ አያስፈልገውም፥ በመካከላቸው የሚተላለፈው ደረሰኝ የተጣራ ከሆነ ይበቃል።

ፌብሩዋሪ 2001 በዩታ ግዛት የተሰበሰቡ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ደግሞ፥ ሥራ በረጅም ዘመን አንድ ጊዜ ከሚቀርብ ይልቅ በአጭር አጭር ጊዜ የሚሠራ ነገር ለደንበኛው እየቀረበ እንዲታረም የሚያሳስብ መግለጫ አወጡ። ይህ አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ለነጋዴም ይስማማዋል። ሁሉን የሚሠራ ፕሮግራም ለሁለት ዓመት ከመጠበቅ፥ መጀመሪያ የመጋዘኑን መዝገብ ብቻ ተረክቦ ሠርቶበት፥ ቀጥሎ የሽያጩን፥ ከዚያም የውጭ ምንዛሪውን ሒሳብ ማስከተል ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ስሕተቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይገለጣል፤ ገንዘቡም ሁሉ በአንድ ተስፋ ላይ አይወድቅም።

ለአዛዡ ነጋዴ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ከላይ የተዘረዘሩት ትምህርቶች ለሶፍትዌር ሥራ አስኪያጆች የተነገሩ ቢሆኑም፥ ሥራውን የሚያዝዘው ነጋዴም ውሉን ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ቢያቀርብ ይጠቀማል።

1ኛ/ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት ሰዎች እነማን ናቸው? ቍጥራቸውስ ስንት ነው?

2ኛ/ ከተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለዕቅድና ለፈተና የተመደበው ምን ያህል ነው?

3ኛ/ በየወሩ አዎን ወይም አይደለም ተብሎ የሚመለስ ምን ምልክት አለ?

4ኛ/ ሥራው ቢዘገይ፥ ከሰው መጨመር በቀር ሌላ ምን ዐሳብ ተይዟል?

5ኛ/ ፕሮግራሙ ሲጫን ሁለተኛው ሰው ማን ነው? ችግር ቢደርስ መኪናውን ለማቆም ሥልጣን ያለውስ ማን ነው?

6ኛ/ ዋናው ባለሙያ ቢለቅ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ ወይስ የለም?

እነዚህን ጥያቄዎች በግልጽ የሚመልስ ሥራ አስኪያጅ ዋጋው ከሌላው ከፍ ቢል እንኳ፥ ልዩነቱ ከመዘግየት ኪሳራ ያነሰ ነው። መመለስ የማይችለው ግን ቀኑን ቢያሳጥርም ዋጋውን ቢቀንስም፥ ያሳጠረውንና የቀነሰውን ከወዴት እንደሚያመጣው መጠየቅ ይገባል። ነጋዴውም በበኩሉ ሊሆን የማይችል ቀን ቈርጦ ማስፈረም እንደማይጠቅመው ይወቅ። ቀኑ በውል ላይ ሲጻፍ የሚያሳጥረው የሥራውን ጊዜ ሳይሆን፥ ክፉው ወሬ ከመድረሱ በፊት የሚቀረውን የመዘጋጃ ጊዜ ብቻ ነው።